የሄድ አፕ ዲስፕሌያችን ምልክት ከማኮብኮቢያው ላይ ይንሸራተታል፤ አስቸኳይ ነው

ጠያቂ፦ ነገ ጠዋት ለእንግዶች በምናሳየው የበረራ ሲሙሌተር ላይ የሠራነው ሄድ አፕ ዲስፕሌይ (የበረራ መረጃን ከአብራሪው ዓይን ፊት በመስታወት ላይ የሚያሳይ መሣሪያ) አስቸግሮናል። ከታች የተጋደመው ታብሌት የሚያሳያቸውን አረንጓዴ ምልክቶች ያዘነበለው መስታወት ወደ ዓይን ይመልሳቸዋል፤ ይሁን እንጂ አብራሪው ራሱን ትንሽ ባንቀሳቀሰ ቁጥር የበረራ አቅጣጫ ምልክቷ ግድግዳው ላይ የሚታየውን ማኮብኮቢያ ለቅቃ ሣሩ ውስጥ ትገባለች። የትኛውን ቅንብር እንቀይር?

አባል 1፦ የታብሌቱን ብርሃን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጉት።

አባል 2፦ አስቀድሞ አሠራሩን መረዳት ይገባል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ በሚያበርረው ቦይንግ 787 ላይ መሣሪያው ለሁለቱም አብራሪዎች የተገጠመ ሲሆን፣ ከራስ በላይ ያለው ፕሮጀክተር ምስሉን ከዓይን ፊት ወደተዘረጋው መስታወት ይልካል። የመስታወቱ ቅብ ያንን አረንጓዴ ቀለም አንጸባርቆ የቀረውን ብርሃን ያሳልፋል፤ ጨረሮቹም ትይዩ ሆነው ዓይን ስለሚደርሱ ምስሉ እጅግ ከሩቅ የመጣ ይመስላል። በዚህ ምክንያት አብራሪው ከደመና ሲወጣ ዓይኑን ከቅርብ ወደ ሩቅ ማስተካከል አያስፈልገውም። ምልክቷም የምታሳየው የአውሮፕላኑ አፍንጫ የዞረበትን ሳይሆን አውሮፕላኑ በእርግጥ የሚሄድበትን አቅጣጫ ነው፤ የጎን ነፋስ ሲኖር ሁለቱ ይለያያሉ።

ጠያቂ፦ እናመሰግናለን ጋሼ፤ ነገር ግን ዝግጅቱ ነገ ጠዋት ነው።

አባል 3፦ ለአብራሪው የአንገት ድጋፍ እሰሩለት! ለነገሩ በእውነተኛውም ቢሆን ዓይን ከተወሰነ ክልል ከወጣ ምስሉ ይጠፋል።

አባል 4፦ ችግሩ የቅንብር አይደለም። ሌንስ አድርጋችኋል? ካላደረጋችሁ ምስሉ የሚታየው ከመስታወቱ ጀርባ፣ ታብሌቱ ከመስታወቱ በራቀበት ልክ ነው፤ ማኮብኮቢያችሁ ግን ግድግዳው ላይ ነው። የሁለቱ ርቀት እስካልተስማማ ድረስ ራስ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ምልክቷ መንሸራተቷ አይቀርም። በታብሌቱና በመስታወቱ መካከል ፍሬኔል ሌንስ አስገቡ። ፎካል ሌንግዙ (ሌንሱ ከሩቅ የሚመጣን ብርሃን የሚሰበስብበት ርቀት) 30 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ታብሌቱን ከሌንሱ ልክ 30 ሴንቲ ሜትር ላይ ማስቀመጥ ለእውነተኛ ሰማይ ይሠራል፤ ለእናንተ ግን ምስሉን ከግድግዳው አልፎ ይወስደዋል። ግድግዳው 3 ሜትር ያህል ቢርቅ ከ27 ሴንቲ ሜትር ጀምሩና፣ አንድ ሰው ራሱን ግራና ቀኝ እያወዛወዘ ምልክቷ ማኮብኮቢያው ላይ ጸንታ እስክትቆም ድረስ ታብሌቱን በጥቂት በጥቂቱ አስጠጉ ወይም አርቁ። ሌንሱ ስለሚያጎላ በሶፍትዌሩ የምልክቶቹን መጠን መቀነስ ሊያስፈልግ ይችላል።

አባል 1፦ ብርሃኑን ከፍ አድርጋችሁ ሞከራችሁት?

ጠያቂ፦ ግድግዳው 3 ሜትር ገደማ ነው፤ ሌንስ ግን የለንም። በዚህ ሰዓት ከየት ይገኛል?

አባል 5፦ ለንባብ የሚሸጠው ስስ የፕላስቲክ ገጽ ማጉያ ራሱ ፍሬኔል ሌንስ ነው፤ ከጽሕፈት መሣሪያ መደብሮች ጠይቁ። ፎካል ሌንግዙ ካልተጻፈበት፣ በሩቅ ያለ የመንገድ መብራት ምስል ነጭ ወረቀት ላይ ጠርቶ እስኪታይ ድረስ ሌንሱን አንቀሳቅሳችሁ ከወረቀቱ ያለውን ርቀት ለኩ።