ክርክር፦ ለባሕር ዳር የመራመጃ ሮቦት ይገዛ ወይስ ቤት ለቤት የሚሄድ ባለሙያ ይቀጠር?

የቡድኑ አስተባባሪ፦
ሰላም ቤተሰብ። እንደምታውቁት ይህ ቡድን ጭንቅላታቸው ወይም አከርካሪያቸው ለተጎዳ ሰዎችና ለአስታማሚዎቻቸው የተከፈተ ነው። አሁን አንድ ጉዳይ መጥቶልናል። ውጭ አገር ያሉ የከተማችን ልጆች ገንዘብ አዋጥተዋል። እግርና ወገብ ላይ ታስሮ የሚያራምድ ሮቦት ገዝተን እንላክላችሁ ይላሉ። ከእኛው መካከል ደግሞ ገንዘቡ ለፊዚዮቴራፒስት (የተጎዳ ሰውነትን ለሚያለማምድ ባለሙያ) ደመወዝና ለዊልቸር ይዋል የሚሉ አሉ። ቅዳሜ ተገናኝተን መልስ እንሰጣለን። እስከዚያ የልባችሁን ጻፉ። መከባበር ብቻ አይጉደል።

የቀበሌ 14 ልጅ፦
እኔ ይገዛ ባይ ነኝ። ታላቅ ወንድሜ ከግንባታ መወጣጫ ላይ ወድቆ ሕብለ ሰረሰሩ (በአከርካሪው ውስጥ የሚያልፈው ነርቭ) ከተጎዳ አራት ዓመት ሆነው። ዓለም የት እንደደረሰ ማታ ማታ አነብለታለሁ። ኸርት-ያን ኦስካም የሚባል ሆላንዳዊ አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 ቻይና ውስጥ አደጋ ደርሶበት ነው እግሩ የከዳው። ስዊዘርላንድ ውስጥ ተመራማሪዎች አንጎሉና አከርካሪው ላይ መሣሪያ ገጠሙለት። ልራመድ ብሎ ሲያስብ አንደኛው መሣሪያ የአንጎሉን ምልክት ያነባል። ሌላው ከጉዳቱ በታች ላለው ነርቭ ያቀብላል። ውጤቱ በ2023 ታተመ። ሰውየው በክራንች ይራመዳል፣ ደረጃ ይወጣል። መሣሪያው ጠፍቶም በክራንች መራመድ ችሏል። ይህ ሁሉ የሆነው ከጉዳቱ አሥር ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። ታዲያ እኛ ሁልጊዜ "ዊልቸር ይበቃችኋል" የምንባለው ለምንድን ነው? ወንድሜ አንድ ቀን ቆሞ ጣናን ቢያይ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

እናት ከሽንብጥ፦
ልጄ፣ ለወንድምህ እግዚአብሔር ይድረስለት። የእኔም ልጅ በባጃጅ አደጋ ነው እንዲህ የሆነው። ከሆስፒታል ስንወጣ "በየሁለት ሰዓቱ አገላብጪው" ያለኝ ሰው አልነበረም። እንቅልፍ ይጥገብ ብዬ ሌሊቱን ሙሉ በጀርባው አስተኛው ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ከመቀመጫው በላይ ቀላ ያለ ነገር አየሁ። ሙቀት ነው ብዬ ቅባት ቀባሁት። እሱ አይሰማውም፣ እኔ አላውቅም። በወሩ አጥንቱ ታየ። ስምንት ወር ሙሉ ቁስል ሳጥብ ኖርኩ። ያኔ እኔን የቸገረኝ በሬን አንኳኩቶ ገብቶ "እትዬ፣ እንዲህ ያድርጉ" የሚለኝ አንድ ሰው ነው። ሌላ ምንም አልነበረም።

ፊዚዮቴራፒስቷ፦
እትዬ፣ የጻፉትን ሳነብ አለቀስኩ። በየሳምንቱ የማየው ነገር ነው።

ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍ። ድሮ አከርካሪው የተጎዳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ብዙ አይቆይም ነበር። የሚገድለው የአልጋ ቁስልና የሽንት ኢንፌክሽን ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 ሉድቪግ ጉትማን የሚባል ሐኪም እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንድቪል ሆስፒታል ውስጥ ለእነዚህ ቁስለኞች ክፍል ከፈተ። ሥራው ምን ነበር? ሌሊትም ቀንም በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ። የሽንት ፊኛን መጠበቅ። ከአልጋ ማስነሳት፣ ሥራና ስፖርት ማስለመድ። በ1948 በግቢው ውስጥ የቀስት ውድድር አዘጋጀ። ፓራሊምፒክ የተወለደው ከዚያ ነው። ያን ሁሉ ሕይወት ያተረፈው የሰው እጅና የማይዛነፍ ሰዓት ነው።

ስለ ሮቦትም ጥናት አለ። በእንግሊዝ 770 የስትሮክ ሕሙማን ላይ የተሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ትልቅ ጥናት አለ። የእጅ ማለማመጃ ሮቦት ከተለመደው ሕክምና የተሻለ የእጅ አገልግሎት አላስገኘም። አሜሪካም እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ አለ፤ 408 ሰዎች ነበሩበት። በገመድ ተንጠልጥለው በሚሽከረከር መሮጫ ላይ የተለማመዱትና ፊዚዮቴራፒስት ቤታቸው እየሄደ ያለማመዳቸው በዓመቱ ተለክተው ልዩነት አልነበራቸውም። አንጎል መንገዱን መልሶ የሚሠራው በድግግሞሽ ነው። ኩባያ ማንሳት፣ በር መክፈት፣ እንደገና ማንሳት። ይህን ደግሞ ሽንብጥም ሆኖ፣ ዓባይ ማዶም ሆኖ መሥራት ይቻላል። የሚያሳይ ሰው ካለ።

የቀበሌ 14 ልጅ፦
እህቴ፣ አክብሮቴ እንዳለ ነው፤ ግን ያመጣሻቸው ሁለቱም ጥናቶች የስትሮክ ናቸው። ወንድሜ አንጎሉ ደህና ነው። የተጎዳው አከርካሪው ነው። በሌላው በሽታ የእሱን በር አትዝጊበት።

ፊዚዮቴራፒስቷ፦
እውነትህን ነው። መለየት ነበረብኝ። ይቅርታ።

ስለ አከርካሪ እንነጋገር እንግዲህ። ሙሉ በሙሉ ለተጎዳ ሰው እግር ላይ የሚታሰረው ሮቦት የሚያራምደው ታስሮ ሳለ ነው። ሲወልቅ እግሩ ያው ነው። የኦስካም መሣሪያ ሌላ ነገር ነው፤ እሱ በቀዶ ጥገና የሚገባ ነው፤ ልጆቻችን የሚልኩት ግን እሱን አይደለም። ሁለቱም ስለሚያራምዱ ተስፋው አይምታታብን። መቆም በራሱ ጥቅም አለው፤ ለስሜትም ለሰውነትም። አልክድም። ግን ለዓመታት ያልቆመ እግር አጥንቱ ይሳሳል። ሳይመረመር ሮቦት ውስጥ ገብቶ የሚሰበር አለ። የሚመረምር፣ የሚለካ፣ አጠገቡ የሚቆም የሠለጠነ ሰው የግድ ነው። ዞሮ ዞሮ ወደ ሰው ነው የምንመለሰው።

የፖሊ ተማሪ፦
እኔ ከሁለታችሁም ትንሽ እለያለሁ። "ለእኛ ቴክኖሎጂ አይሆንም" የሚለው አነጋገር ያስፈራኛል። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ ጥናት አለ። አንገታቸው አካባቢ ሕብለ ሰረሰራቸው የተጎዳ 60 ሰዎች ተሳተፉ። አንገት ቆዳ ላይ በሚለጠፍ ኤሌክትሮድ ኤሌክትሪክ ይሰጣቸዋል። ቀዶ ጥገና የለውም። 72 በመቶው በእጃቸው ጉልበትም አገልግሎትም ተሻሻሉ። አንዳንዶቹ ከተጎዱ ብዙ ዓመት ሆኗቸው ነበር። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ገደማ የአሜሪካ መንግሥት መሣሪያው ለሽያጭ እንዲወጣ ፈቀደ። ልብ በሉ፣ ኤሌክትሪኩ ብቻውን አልተሰጠም። ከእጅ ልምምድ ጋር ነው። ስለዚህ ዛሬ ፊዚዮቴራፒስት የሌላት ከተማ ነገ መሣሪያው ቢረክስም አትጠቀምበትም።

ሌላው ጥገና ነው። ባሕር ዳር የብስክሌት ከተማ ናት። ጎማ፣ ኩሽኔታ፣ ራጂ የሚያውቅ መካኒክ በየመንደሩ ሞልቷል። አንድ ዊልቸር ግን ኩሽኔታው ስላለቀ ብቻ ግቢ ውስጥ ዝጎ አይቻለሁ። ከገንዘቡ ለመጠገኛ ቦታ ትንሽ ይመደብ። እኔና ጓደኞቼ በነፃ እንሠራለን።

ዊልቸር ላይ ዘጠኝ ዓመት፦
ሁላችሁም ስለ እግር ነው የምታወሩት። እስቲ እኛን ጠይቁን። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት "መጀመሪያ ምን ቢመለስላችሁ ትመርጣላችሁ?" ብሎ 681 አከርካሪያቸው የተጎዳ ሰዎችን ጠይቆ ነበር። ጥናቱን የሠራችው ሴት ራሷ አከርካሪዋ የተጎዳ ናት። እጅና እግራቸው የማይሠራ ሰዎች አንደኛ የመረጡት የእጃቸውንና የክንዳቸውን መመለስ ነው። ከወገብ በታች የተጎዱት ደግሞ የወሲብ ሕይወታቸውን። ፊኛና አንጀትን መቆጣጠር ለሁለቱም ከፍ ያለ ቦታ ነበረው። መራመድ ለሁሉም አንደኛ አልሆነም።

እኔም እንደዚያው ነኝ። ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ሳላፍር ብመለስ፣ ካቴተር (የሽንት ማስወጫ ቱቦ) ሳይቋረጥብኝ ባገኝ፣ ለእኔ ከመቆም ይበልጣል። ከተማችን ሜዳ ናት። እንደ ጎንደር ዳገት የለባትም። በዊልቸር ለመኖር የተፈጠረች ትመስላለች። ግን የባንኩ ደረጃ፣ የካፌው ደረጃ፣ የክሊኒኩ ደረጃ! በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ለአካል ጉዳተኛ መግቢያ ይኑረው ብሏል። አዋጁ ከወጣ በኋላ የተሠራ ሕንፃ በር ላይ ሁለት ሰው ለምኜ ተሸክመውኝ ገብቻለሁ። ትልቅ ሰው ነኝ እኮ። የልጆች አባት ነኝ።

የቀበሌ 14 ልጅ፦
ጋሼ፣ ይህን አላሰብኩትም። ወንድሜንም ጠይቄው አላውቅም። ዛሬ ማታ እጠይቀዋለሁ።

አባት ከዘጌ፦
እኔ ብዙ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ልጄ ናት የምትጽፍልኝ። ታናሽ ወንድሟ ማንጎ ሊያወርድ ወጥቶ ወደቀ። መጀመሪያ የሮጥነው ወጌሻ ጋ ነው። ወጌሻ የተሰበረ እጅ ያቃናልናል፣ አይነቀፍም። ግን ወገቡን አሸው። ልጁን ከዛፉ ሥር ያነሳነውም በብብቱና በእግሩ ይዘን ነው፣ እንደ ማዳበሪያ ጆንያ። እንደዚያ እንደማይነሳ የሰማሁት ኋላ ነው። ጠፍጣፋ ሳንቃ ላይ፣ አንገትና ወገቡ ሳይታጠፍ ነው አሉኝ። ያን ቀን ያባባስኩት እኔ እሆን እያልኩ አድራለሁ። ሮቦቱ ባሕር ዳር ቢመጣ ለእኛ ምን ያደርጋል? ጀልባ አለ፣ ከወደቡ እስከ ሐኪም ቤት ባጃጅ አለ። በወር አንዴ እንኳ ይከብደናል። ባለሙያ ወደ እኛ ቢመጣ ግን ስለ አወዳደቅና ስለ አነሳሡም ለመንደሩ ያስተምር ነበር።

ፊዚዮቴራፒስቷ፦
አባቴ፣ ራስዎን አይውቀሱ። ጉዳቱ በወደቀበት ቅጽበት የደረሰ ሊሆን ይችላል። ማንም ያላስተማረዎትን ነገር ከየት ያመጡታል? የአነሳሡን ነገር ግን ለዘጌ ሰው ማስተማር አለብን፣ ልክ ብለዋል።

የቀበሌ 14 ልጅ፦
አንድ ጥያቄ ይቀረኛል፤ ለመከራከር ብቻ አይደለም። ቤት ለቤት ትላላችሁ። ሕንድ ውስጥ 1,250 የስትሮክ ሕሙማን ላይ ጥናት ተሠርቶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ነው የታተመው። ቤተሰብ ሠልጥኖ ራሱ እንዲያለማምድ ተደረገ። በስድስት ወር ሲታይ ከተለመደው እንክብካቤ የተሻለ ነገር አልመጣም። የእኛም ገንዘብ እንደዚያ ቢባክንስ?

ፊዚዮቴራፒስቷ፦
ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔንም ያ ጥናት አስደንግጦኛል። የገባኝ ነገር ቢኖር ቤተሰብን አሠልጥኖ ሥራውን ለእሱ መተው እንደማይበቃ ነው። ከቤተሰቡ ጋር ሆኖ የሚመለስ፣ የሚያይ፣ የሚያርም ባለሙያ ይፈልጋል። እኔ የምለው "እናት ትሥራው" አይደለም። እናት ደክማለች። የምለው ደመወዝ ያለው ሰው በየሳምንቱ ይሂድ ነው። ውጤቱም ይመዝገብ፦ ስንት ሰው ቁስል ወጣበት፣ ስንቱ ራሱን ችሎ ተቀመጠ፣ ስንቱ ወደ ሥራ ተመለሰ። በዓመቱ ካልሠራ እኔው ራሴ እነግራችኋለሁ።

የፖሊ ተማሪ፦
ያ መዝገብ ራሱ ምርምር ነው። ስልክ ላይ የሚሞላ ቅጽ እኔ እሠራለሁ።

የቡድኑ አስተባባሪ፦
ውጭ ላሉት ልጆቻችን ቅዳሜ የምንልከውን ደብዳቤ እየጻፍኩ ነው። ስለ ሮቦቱ የምጠይቃቸው አለ። መለዋወጫው ከየት ይመጣል? ሲበላሽ ማን ይጠግናል? መብራት ሲጠፋስ? ከጎኑ የሚቆመውን ሰው ደመወዝ ማን ይከፍላል? በዚያው ገንዘብ ቤት ለቤት የሚሄዱ ባለሙያዎች ስንት ዓመት ሊሠሩ እንደሚችሉም አስልቼ አያይዛለሁ። እኔ በግሌ ወደ ባለሙያዎቹ አደላለሁ፤ አልደብቅም።

የቀበሌ 14 ልጅ፦
ወንድሜን ጠየቅሁት። ቆይቶ መለሰልኝ። "መቆሙን እፈልጋለሁ" አለኝ። "ግን መጀመሪያ ሽንት ቤት ብቻዬን ብሄድ።" ቤታችን የሽንት ቤቱ በር ለዊልቸር ይጠባል። አራት ዓመት ሙሉ አላየነውም። ነገ አናጢ እጠራለሁ። ሮቦቱን አሁንም አልተውኩም፤ ደብዳቤው ላይ "ወደፊት" የሚል ቃል ይግባ።

አባት ከዘጌ፦
ቅዳሜ በጠዋቱ ጀልባ ልጄን ይዤ እመጣለሁ። ከጀልባው አንስቶ ባጃጅ ላይ የሚያስቀምጥልኝ ሁለት ጎረምሳ ይገኝ ይሆን?

የቀበሌ 14 ልጅ፦
እኔና የፖሊው ልጅ ወደቡ ላይ እንጠብቅዎታለን። ሳንቃ ይዘን እንመጣለን።