ያልተከፈለ ዕዳና አዲስ አበባ ያለ ቤተሰብ ለአሜሪካ ሴኩሪቲ ክሊራንስ እንቅፋት ይሆናሉ?

ጥያቄ፦ እህት ከአራት ኪሎ

ሰላም ለሁላችሁ። ቨርጂኒያ የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ የአሜሪካ ዜግነት ካገኘ ቆይቷል። አሁን ለመከላከያ መሥሪያ ቤታቸው በኮንትራት የሚሠራ አንድ ድርጅት ሊቀጥረው ተስማምቷል፤ ሥራ የሚጀምረው ግን የመንግሥት ምስጢር ለማየት የሚያስችለውን፣ «ሲክሬት» የሚባለውን የደኅንነት ፈቃድ (ሴኩሪቲ ክሊራንስ) ሲያገኝ ነው። ሁለት ነገር አስጨንቆናል። አንደኛው፣ ሥራ ፈትቶ በቆየበት ጊዜ ሳይከፍለው ቀርቶ ወደ ዕዳ ሰብሳቢዎች የተላለፈ የክሬዲት ካርድና የሆስፒታል ዕዳ ነው። ሁለተኛው እኛው ነን። አባታችን የመንግሥት ጡረተኛ ነው፤ እኔም እዚሁ አራት ኪሎ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት እሠራለሁ፤ ለእናታችን የስኳር መድኃኒት በየወሩ ገንዘብ የሚልከው ደግሞ እሱ ነው። ምርመራው እስኪያልቅ ስልኩንም ገንዘቡንም ላቋርጥ ይላል። እናታችን ይህን ከሰማች ወዲህ እንቅልፍ አጥታለች። ነገሩን በቅርብ የምታውቁ ብትመክሩን።

ምላሽ፦ ከዋሽንግተን ተመላሽ

እህቴ፣ ለእናትዎ የሚነግሩትን ላስቀድም። ቤተሰብ ውጭ አገር መኖሩ ብቻውን ፈቃድ አያስከለክልም፤ ስልክ ማቋረጡም ምንም አይጠቅመውም። ፈቃዱ የሚመዘነው እ.ኤ.አ. ከጁን 8 ቀን 2017 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው መመሪያ ሲሆን፣ ከአሥራ ሦስቱ መመዘኛዎች ወንድምዎን የሚነኩት የውጭ ተጽዕኖ፣ የገንዘብ አያያዝና የግል ሥነ ምግባር ናቸው።

በውጭ ተጽዕኖ ረገድ የሚታየው፣ የሌላ አገር መንግሥት ወይም በዚያ የሚንቀሳቀስ ቡድን በዘመዶቹ በኩል አስገድዶም ሆነ አባብሎ ምስጢር ሊያስወጣው ይችላል ወይ የሚለው ነው። ስለዚህ አገሪቱ ከአሜሪካ ጋር ያላት ግንኙነት፣ የጸጥታዋ ሁኔታ፣ የእያንዳንዱ ዘመድ የሥራ ድርሻ አብሮ ይመዘናል። የመዝገብ ቤት ሠራተኛና የደኅንነት ባልደረባ እኩል አይታዩም፤ የእርስዎ ሥራ ምን እንደሆነ ግን ሳይሸራረፍ መጻፍ አለበት። ከወላጆቼ ጋር የምገናኘው አልፎ አልፎ ነው ብሎ መከራከር ብዙም አያስኬድም። የሚያዋጣው አሜሪካ ውስጥ የተከለውን ሥር ማሳየት ነው፤ የኖረበት ዘመን፣ ትዳርና ልጆች ካሉት እነርሱ፣ ቤቱ፣ የጡረታ ቁጠባው ሁሉ ይቆጠርለታል።

ገንዘብ መላኩን በተመለከተ፣ ለፈቃዱ የሚሞላው «ኤስኤፍ 86» የተባለው ቅጽ ለውጭ አገር ዜጋ የገንዘብ ድጋፍ አድርገህ ታውቃለህ ወይ ብሎ በግልጽ ይጠይቃል። ለእናት መድኃኒት መላክ የሚያሳፍር ነገር የለውም፤ አዎ ብሎ ለማን፣ ስንት፣ በምን ያህል ጊዜ እንደሚልክ ይጻፍ። በባንክ መዝገብ ያለውን ነገር ቢክድ ግን ጉዳዩ ወደ ሥነ ምግባር ይዞራል፤ ሆን ብሎ በሐሰት መሙላት እስከ አምስት ዓመት የሚያሳስር የፌዴራል ወንጀልም ነው።

ምላሽ፦ የሒሳብ ሰው ከሜክሲኮ

በተባለው ሁሉ እስማማለሁ፤ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ዕዳው ነው። ቅጹ ባለፉት ሰባት ዓመታት ከ120 ቀን በላይ ያደረ ክፍያን፣ ወደ ሰብሳቢ የተላለፈ ሒሳብን፣ ያልቀረበ ወይም ያልተከፈለ ግብርን ይጠይቃል። ዕዳ ያስጨነቀው ሰው ለገንዘብ ሲል ያልሆነ ነገር ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ የተዋዋለውን የማያከብር ሰው ደግሞ የምስጢር ደንብንም ላያከብር ይችላል የሚል ስጋት ፈቃዱን የሚመዝኑት አላቸው።

መመሪያው ሥራ ማጣትንና ድንገተኛ ሕመምን ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት አድርጎ ይቀበላል። ይህ ግን ግማሹ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ በኃላፊነት ምን አደረገ የሚለው ካልተመለሰ ስጋቱ አይቃለልም። ስለዚህ ዛሬውኑ ከሦስቱም የክሬዲት ድርጅቶች ሪፖርቱን በነጻ ያውጣ፤ አበዳሪዎቹን አነጋግሮ የክፍያ ስምምነት ይፈራረም፤ ትንሽም ብትሆን በየወሩ ሳያቋርጥ ይክፈል፤ ደረሰኙንም ያስቀምጥ። ለወራት የዘለቀ አነስተኛ ክፍያ፣ ፈቃዱን ሳገኝ በደመወዜ እከፍላለሁ ከሚል ተስፋ እጅግ ይበልጣል። ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን አንድ ነገር ልጨምር፦ ዕዳው ሰባት ዓመት ሞልቶት ከሪፖርቱ ቢወጣ፣ ወይም በይርጋ ቢታገድ፣ በቅን ልቦና እንደተከፈለ አይቆጠርለትም። የእሱ ያልሆነ ዕዳ ካገኘ ደግሞ በጽሑፍ ይቃወም፤ ማስረጃውንም ይያዝ።

ፈቃዱን ለመስጠት ያሳሰባቸውን ሥጋት ዘርዝሮ የሚገልጽ ደብዳቤ ከደረሰው፣ ለኮንትራት ሠራተኛ የመልስ ጊዜው 20 ቀን ነው፤ በዳኛ ፊት ለመሰማትም መጠየቅ ይችላል። ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው በ1988 (እ.ኤ.አ.) ማንም ሰው ፈቃዱን የማግኘት መብት እንደሌለው ወስኗል፤ ጥርጣሬ ሲኖርም የሚፈታው ለአገር ደኅንነት በሚያደላ መንገድ ነው። ስለዚህ የማስረዳቱ ሸክም የወንድምዎ ነው።

እህት ከአራት ኪሎ

እግዚአብሔር ይስጥልን። ሁለት ነገር ልጨምር፦ ቢጫ ካርድ አለው፤ ከመሄዱ በፊት በዕጣ የደረሰው ኮንዶሚኒየምም አሁን ድረስ በስሙ ነው፤ ኪራዩን የምሰበስበው እኔ ነኝ።

ምላሽ፦ ከዋሽንግተን ተመላሽ

ሁለቱም ይጻፉ። ቢጫ ካርዱ ያለ ቪዛ የሚያስገባ መታወቂያ እንጂ ዜግነት አይደለም፤ በአዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት የሌላ አገር ዜግነት ሲይዝ ኢትዮጵያዊነቱ ቀርቷል፤ ይህንኑ በማብራሪያው ያስፍር። ኮንዶሚኒየሙን በሚመለከት ግምቱን በዶላር አስልተው ይላኩለት፤ ኪራዩ ስንት እንደሆነና ለማን እንደሚውልም ይግለጹለት። አሜሪካ ካለው ሀብት ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ ከሆነ እሱን ለማስገደድ አያገለግልም ተብሎ ሊታለፍ ይችላል።

ከእናንተ የሚፈልገው ሌላው ነገር የሁላችሁ ሙሉ ስምና የልደት ቀን ነው። የዘመን አቆጣጠሩ ልዩነት እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት መሆኑን እያያችሁ ቀይሩት፤ የስሙ አጻጻፍም ቀኑም ለቪዛና ለዜግነት ሲያመለክት ከሞላው ጋር መግጠሙን ያረጋግጥ፤ ልዩነት ካለም ምክንያቱን ራሱ ቀድሞ ይጻፈው።