በመንግሥት ዋስትና ለሚሰጥ የቤት ብድር የእቁብ ገንዘብና የኡበር ገቢ ይቆጠራል ወይ?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። እኔና ባለቤቴ ከልጆቻችን ጋር ሜሪላንድ ውስጥ በኪራይ ቤት እንኖራለን። ሁለታችንም ግሪን ካርድ አለን። ኤፍኤችኤ በሚባለው፣ በአሜሪካ የፌዴራል ቤቶች አስተዳደር ዋስትና በሚሰጠው ብድር፣ 360,000 ዶላር ገደማ የሚያወጣ ቤት ለመግዛት አስበናል። ያነጋገርነው አበዳሪ ግን በስልክ ጥቂት ነገር ጠይቆን «መንግሥት አይፈቅድላችሁም» ብሎ አሰናበተን። ምክንያቱን በዝርዝር አልነገረንም።

ሁኔታችን ይህን ይመስላል። ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ ኡበር እሠራለሁ። በታክስ ሰነዴ ላይ ከወጪ ቀሪ ሆኖ የተመዘገበው ትርፍ በ2023 38,000፣ በ2024 ደግሞ 41,000 ዶላር ነው። ባለቤቴ በአረጋውያን መንከባከቢያ ተቀጥራ በዓመት 46,000 ዶላር ታገኛለች። የእኔ ክሬዲት ስኮር (ዕዳ የመክፈል ታሪክን የሚያሳየው ነጥብ) 612፣ የእርሷ 690 ነው። የመኪና ዕዳ በወር 380 ዶላር እከፍላለሁ። ባንክ ያለን ገንዘብ 9,000 ዶላር ብቻ ቢሆንም በወር 1,000 ዶላር የምጥልበት እቁብ በቅርቡ 20,000 ይወጣልኛል፤ ከዚያ በኋላ የ8 ወር ክፍያ ይቀረኛል። እህቴም 5,000 ዶላር ልትሰጠን ፈቃደኛ ናት። የምንገዛው ቤት ምድር ቤት ካለው ልናከራየው እናስባለን።

በእርግጥ መንግሥት ከልክሎን ነው? የእቁቡስ ገንዘብ እንደ ቁጠባ ይታይልናል? የምታውቁ እባካችሁ አስረዱን።

መልስ 1 (በሞርጌጅ፣ ማለትም በቤት ብድር ሥራ ላይ ያለሁ፣ ቨርጂኒያ)

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ኤፍኤችኤ ገንዘብ አያበድርም። ከ1934 ጀምሮ የሚሠራው ብድሩን መድን መግባት ነው፤ ተበዳሪው መክፈል ቢያቅተው የአበዳሪውን ኪሳራ ይሸፍናል። ገንዘቡን የሚሰጥህ ባንኩ ወይም የሞርጌጅ ድርጅቱ ነው። ስለዚህ ሁለት ዓይነት መስፈርት ይጠብቅሃል፦ ኤፍኤችኤ ያወጣው ዝቅተኛ መስፈርትና አበዳሪው በራሱ ፈቃድ የሚጨምርበት ጥብቅ መስፈርት። «መንግሥት አይፈቅድም» ከተባሉት ሰዎች ብዙዎቹን የከለከለው ሁለተኛው ነው። ይህ ሳይነገራቸው ቀርቶ ለዓመታት ተስፋ ቆርጠው የሚቀመጡ ወገኖቻችንን ሳይ በጣም ያሳዝነኛል።

በኤፍኤችኤ ደንብ ክሬዲት ስኮሩ 580 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ከቤቱ ዋጋ 3.5 ከመቶ በቅድሚያ ከፍሎ መግዛት ይችላል። ከ500 እስከ 579 ከሆነ 10 ከመቶ ይጠየቃል፤ ከ500 በታች አይፈቀድም። ሁለት ሰዎች አብረው ሲያመለክቱ ሦስቱ የክሬዲት መዝጋቢ ድርጅቶች ከሚሰጧቸው ነጥቦች የእያንዳንዳቸው መካከለኛ ነጥብ ተወስዶ ዝቅተኛው ይያዛል። ስለዚህ የእናንተ ነጥብ 612 ነው፤ የባለቤትህ 690 አያነሣውም። 612 የመንግሥትን መስፈርት ያሟላል። ነገር ግን 620 ወይም 640 ካልሆነ የማይቀበሉ አበዳሪዎች ብዙ ናቸው። አንተን ያነጋገረህም ከእነርሱ አንዱ ሳይሆን አይቀርም።

ስለ መኖሪያ ፈቃድ፦ ቀደም ሲል ጊዜያዊ የመኖሪያ ፈቃድ ያላቸው ሰዎችም ማመልከት ይችሉ ነበር። ከግንቦት 25 ቀን 2025 ጀምሮ (በፈረንጆች አቆጣጠር) ይህ ቀርቷል። ለዜጎችና ለግሪን ካርድ ባለቤቶች በሩ ክፍት ነው። እናንተ በዚህ በኩል ችግር የለባችሁም።

ደግሞም ይህ ብድር ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት ለሚገዛ ሰው ብቻ የተፈቀደ አይደለም። የገቢ ጣሪያም የለውም። ጣሪያ ያለው የብድሩ መጠን ሲሆን በዋሽንግተን ዙሪያ ለአንድ ቤተሰብ ቤት በ2025 የነበረው ጣሪያ 1,209,750 ዶላር ነው። የእናንተ ብድር ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው።

መልስ 2 (የእቁብ ጸሐፊ ነኝ)

እንደምን ሰነበትክ ወንድሜ። እቁብን በተመለከተ ብዙ ሰው «ፈረንጅ አያውቀውም» ብሎ ገንዘቡን ይደብቃል፤ ወይም በጥቂት በጥቂቱ ባንክ እያስገባ ራሱን ለጥርጣሬ ያጋልጣል። የኤፍኤችኤ መመሪያ ግን አባላት በጋራ ገንዘብ እየጣሉ የሚያስተዳድሩትን የግል የቁጠባ ማኅበር በስም ጠቅሶ ይቀበላል። እቁባችን ማለት ነው።

የሚፈለገው ማስረጃ ነው። አበዳሪው እቁቡ መቼ እንደተቋቋመና ምን ያህል ጊዜ እንደቆየ፣ ገንዘቡም ለአንተ መድረሱን ማረጋገጥ አለበት። የእቁቡን መዝገብና የከፈልክባቸውን ደረሰኞች ይጠይቃል፤ እቁቡ አሁንም በሥራ ላይ መሆኑን ገንዘብ ያዡ በጽሑፍ እንዲያረጋግጥም ይፈለጋል። ስለዚህ ዕጣው ሳይወጣልህ በፊት ዳኛውንና ጸሐፊውን አነጋግር። መዝገቡ በአማርኛ ከሆነ የእንግሊዝኛ ትርጉም አዘጋጅ። በየወሩ የጣልከው 1,000 ዶላር በባንክ በኩል ያለፈ ከሆነ የባንክህ መግለጫ ራሱ ይመሰክርልሃል። የወጣልህን ገንዘብ በአንድ ጊዜ፣ በቼክ ወይም በባንክ ዝውውር አስገባው። መተዳደሪያ ደንብና የተፈረመበት መዝገብ የሌለው እቁብ ግን እዚህ ላይ ይቸገራል። በየማኅበሩ ያላችሁ ዳኞች፣ እባካችሁ መዝገብ በአግባቡ ያዙ፤ የሰው ቤት የሚገዛው በእናንተ ደብተር ነው።

አንድ የማይረሳ ነገር አለ። እቁቡ ከወጣልህ በኋላ የሚቀርህ የ8 ወር ክፍያ እንደ ዕዳ ይቆጠራል።

መልስ 3 (የሒሳብና የታክስ ባለሙያ)

ከእኔ በፊት የተጻፈው የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ከሁሉም በላይ ክብደት አለው። በቁጥር ላሳይህ።

የራሱ ሥራ ያለው ሰው ብዙውን ጊዜ የሁለት ዓመት የታክስ ሰነድ ይጠየቃል፤ አንተ አለህ። የሚቆጠርልህ ገቢ የሁለቱ ዓመታት አማካይ ወይም የመጨረሻው ዓመት፣ ከሁለቱ ያነሰው ነው። የአንተ አማካይ 39,500 ስለሆነ በወር ወደ 3,292 ዶላር ይሆናል። ኡበር ያስገባልህ ጠቅላላ ገንዘብ እዚህ ቦታ የለውም። ታክስ ለመቀነስ ሲባል ወጪን ማብዛት ቤት በሚገዛበት ጊዜ የሚያስከፍለው ዋጋ ይህ ነው።

ሆኖም ብዙ ሹፌሮች የማያውቁት መጽናኛ አለ። በማይል የሚቀነሰው ወጪ ውስጥ የተወሰነው የመኪናው እርጅና ነው፤ ከኪስህ የወጣ ገንዘብ አይደለም። በ2024 በማይል 67 ሳንቲም ሲቀነስ 30 ሳንቲሙ እርጅና ነበር። በ2023 ደግሞ ከ65.5 ሳንቲም 28ቱ። አበዳሪው ይህን ወደ ገቢህ መልሶ ሊደምርልህ ይችላል። ለምሳሌ በ2023 28,000፣ በ2024 30,000 ማይል ለሥራ ነድተህ ከሆነ በአማካይ በዓመት 8,420 ዶላር፣ በወር 700 ገደማ ይጨመርልሃል። አበዳሪው ይህን ስሌት መሥራቱን ራስህ ጠይቅ፤ ዝም ካልክ የሚዘለል ነገር ነው።

እንግዲህ የአንተ 3,992 እና የባለቤትህ 3,833 ሲደመር 7,825 ይሆናል። ማመልከቻው በኮምፒውተር ሳያልፍ በሰው ሲመዘን በመደበኛው ልክ ለቤት ክፍያ ብቻ 31 ከመቶ፣ ከሌላ ዕዳ ጋር 43 ከመቶ ይፈቀዳል። የኮምፒውተሩ ምዘና ጠቅላላውን እስከ 57 ከመቶ ገደማ ሊያሳልፍ ይችላል፤ ግን በዚያ ላይ ተመሥርቶ ቤት መግዛት ኑሮን ያጨናንቃል። ኮምፒውተሩ ለቤት ክፍያ ከ31 ከመቶው በላይ ካሳለፋችሁና እናንተ ጠቅላላውን በ43 ከመቶ ብትወስኑ፣ 3,365 ዶላር ይሆናል። የመኪናውን 380 ስትቀንስ 2,985 ይቀርሃል። የእቁቡን 1,000 ጨምረህ ስትቀንስ ግን የሚቀርህ 1,985 ብቻ ነው። በዚህ ገንዘብ 360,000 ዶላር የሚያወጣ ቤት አይገዛም።

የእኔ ምክር፦ እቁቡ እንደወጣልህ ዳኛው ከተስማማ ቀሪውን 8,000 ዶላር በአንድ ጊዜ ክፈልና መክፈልህን የሚገልጽ ደብዳቤ ያዝ። 12,000 ይቀርሃል። ከባንኩ 9,000 እና ከእህትህ 5,000 ጋር 26,000 ይሆናል። 3.5 ከመቶው 12,600 ስለሆነ ለውል መዝጊያ ወጪዎች የሚሆን ይተርፋል። ሻጩም ከተስማማ እስከ 6 ከመቶ የሚደርስ ወጪ ሊሸፍንላችሁ ይፈቀዳል።

መልስ 4 (የቤት ባለቤት፣ ጀርመንታውን)

ሁሉም መልካም ነው፤ እኔ ግን ኤፍኤችኤን በችኮላ እንዳትወስዱት እለምናችኋለሁ። መድኑ ነጻ አይደለም። መጀመሪያ የብድሩ 1.75 ከመቶ ይታሰባል፤ በእናንተ 347,400 ዶላር ብድር 6,079 ዶላር ገደማ ነው፤ ብዙ ጊዜ ብድሩ ላይ ይደመራል። ከዚያ በዓመት 0.55 ከመቶ፣ ማለትም በወር 159 ዶላር ገደማ ይከፈላል። በቅድሚያ ከ10 ከመቶ በታች የከፈለ ሰው ይህ ክፍያ ብድሩ እስኪያልቅ ድረስ አይወርድለትም። 10 ከመቶ የከፈለ በ11 ዓመት ይገላገላል። የመንግሥት መድን የሌለበት መደበኛ ብድር ላይ ግን ዕዳው ከቤቱ የመጀመሪያ ዋጋ 80 ከመቶ ሲደርስ መድኑ እንዲነሣ መጠየቅ ይቻላል። ክሬዲትህን አንድ ዓመት ብታሳድግ አይሻልም?

መልስ 5 (መልስ 1ን የጻፍኩት)

መልስ 4ን የጻፉት እህቴ ያሉት እውነት ነው፤ ሰው ሳይነገረው መፈረም የለበትም። ነገር ግን በ612 ነጥብ መደበኛ ብድር ቢገኝ እንኳ ወለዱና መድኑ ይከብዳል። ኤፍኤችኤ ላይ መድኑ ለ612 እና ለ740 እኩል ነው። ገብቶ ክሬዲቱን አሳድጎ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ መደበኛ ብድር መዞርም ይቻላል፤ ወለዱ በዚያን ጊዜ ዝቅ ማለቱ ግን ዋስትና የለውም። ውሳኔው የቤተሰቡ ነው።

መልስ 6 (ጠያቂው)

እግዚአብሔር ይስጣችሁ፤ ማንም እንዲህ አስረድቶን አያውቅም። የእህቴ ስጦታና የምድር ቤቱ ኪራይ ጉዳይ ግን አልተመለሰልኝም። ኮንዶ መግዛትስ ይቻላል? የባለቤቴ ወንድም ደግሞ ሠራዊት ውስጥ ነው፤ እርሱ የተሻለ ዕድል አለው ይባላል።

መልስ 7 (የቤቶች አማካሪ ሆኜ የሠራሁ)

ስጦታው ይፈቀዳል። የቅድሚያ ክፍያው በሙሉ ስጦታ ቢሆን እንኳ ደንቡ አይከለክልም። እህትህ ገንዘቡ የማይመለስ መሆኑን ገልጻ ደብዳቤ ትፈርማለች፤ ከእርሷ ሒሳብ ወጥቶ ወደ እናንተ መግባቱም በባንክ ሰነድ ይታያል። ከሻጩ ወይም ከደላላው ግን ለቅድሚያ ክፍያው የሚሆን ስጦታ መቀበል አይቻልም።

ምድር ቤቱ የራሱ መግቢያ፣ ኩሽናና መታጠቢያ ያለው በሕግ የታወቀ መኖሪያ ከሆነ፣ ከ2023 ወዲህ ከሚጠበቀው ኪራይ የተወሰነው ሊቆጠር ይችላል። ተራ ክፍል ከሆነ ገና ያልተከራየ ቤት ገቢ አይታሰብላችሁም። እናንተ ራሳችሁ በ60 ቀናት ውስጥ ገብታችሁ ቢያንስ አንድ ዓመት መኖር እንዳለባችሁም እወቁ። ለማከራየት ብቻ በዚህ ብድር መግዛት ክልክል ነው።

ኮንዶ የሚገዛው ሕንፃው ወይም ያ አንድ ቤት በኤፍኤችኤ ከጸደቀ ነው፤ ዋጋ ከመደራደር በፊት ይህን አጣሩ።

የባለቤትህ ወንድም የአገልግሎት መስፈርቱን ካሟላ የቪኤ ብድር (በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዋስትና የሚሰጠውን) ያለ ቅድሚያ ክፍያና ያለ ወርኃዊ መድን ያገኛል። ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ቅድሚያ ክፍያ ሲወስድ 2.15 ከመቶ አንድ ጊዜ ይከፍላል። ያ መብት ግን የእርሱ ነው፤ ለእናንተ ሊያስተላልፈው አይችልም። ከከተማ ወጣ ያለ ቦታ ለሚገዛ ደግሞ በአሜሪካ የግብርና መሥሪያ ቤት የሚደገፍ ብድር አለ፤ እርሱም ቅድሚያ ክፍያ አይጠይቅም፣ ነገር ግን የቤተሰብ ገቢ ከአካባቢው መካከለኛ ገቢ 115 ከመቶ መብለጥ የለበትም።

አሁን ልታደርጉ የሚገባችሁ ነገር ቢኖር የስልክ መልስ አለመቀበል ነው። ማመልከቻ በጽሑፍ አስገቡ። የተሟላ ማመልከቻ አስገብቶ የተከለከለ ሰው በ30 ቀናት ውስጥ እንዲነገረውና ምክንያቱን እንዲያውቅ ሕጉ ያዛል። በ45 ቀናት ውስጥ የተለያዩ የሞርጌጅ አበዳሪዎች ክሬዲታችሁን ቢያዩት እንደ አንድ ጥያቄ ስለሚቆጠር ሁለት ሦስት ቦታ መሞከር አያስፈራችሁ። ስልክ ስትደውሉ መጀመሪያ የምትጠይቁት «ለኤፍኤችኤ ብድር የእናንተ ዝቅተኛ ክሬዲት ስኮር ስንት ነው?» የሚለውን ነው። 580 ወይም 600 ካሏችሁ የእቁቡን መዝገብና የማይሉን ስሌት ይዛችሁ ቀጠሮ ያዙ።