ወደ ሳንድቪከን ለመዛወር ለምታስቡ ቤተሰቦች

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የስቶክሆልም የቤት ወረፋ አላንቀሳቅስ ብሏቸው ወደ ትንንሽ ከተሞች ለመውጣት የሚያስቡ ወገኖች በርክተዋል፤ ስለ ሳንድቪከን ለጠየቃችሁ የማውቀውን ልጻፍ።

ሳንድቪከን ከየቭሌ ከተማ በስተምዕራብ፣ ስቱርሾን ከተባለው ሐይቅ ዳር የምትገኝ ፋብሪካ የወለዳት ከተማ ናት። ዮራን ፍሬድሪክ ዮራንሶን የተባለ የየቭሌ ነጋዴ እ.ኤ.አ. በ1858 ኤድስከን በተባለው ስፍራ በቀለጠ ብረት ውስጥ አየር እየነፋ አረብ ብረት የሚሠራበትን የቤሰመር ዘዴ ለሥራ አበቃው፤ በ1862ም እዚህ ሐይቅ ዳር ፋብሪካውን መሠረተ። ኩባንያው ብዙም ሳይቆይ ከስሮ በ1868 እንደገና ቢቋቋምም ከተማዋ ዙሪያውን እያደገች ሄደች። ዛሬ ሳንድቪክ የሚባለው ይኸው ኩባንያ ኮሮማንት በሚለው ስም የብረት መቁረጫ መሣሪያዎችን ይሠራል፤ ልዩ ብረትና ቱቦ የሚያመርተው ክፍል ደግሞ በ2022 ተነጥሎ አሌይማ የተባለ ራሱን የቻለ ኩባንያ ሆኗል።

ሥራ ይገኛል ወይ ለሚለው ጥያቄ መልሴ፣ ቋንቋና ሙያ ላለው ይገኛል የሚል ነው። የስዊድንኛ ትምህርቱን እስከ መጨረሻው ሳይገፋ በቀጥታ ፋብሪካ እገባለሁ ብሎ የሚመጣ ሰው ይቸገራል፤ የደኅንነት መመሪያው ሁሉ በስዊድንኛ ነውና። በኮምቩክስ፣ ማለትም በጎልማሶች ትምህርት ቤት፣ የማሽን ኦፕሬተርነት ወይም የብየዳ ትምህርት የወሰደ፣ መንጃ ፈቃድም የያዘ ሰው ግን ለፈረቃ ሥራ ዝግጁ ሆኖ ይቀርባል።

ከሥራው ባልተናነሰ ልታስቡበት የሚገባው ስፖርቱ ነው። ዬርንቫለን የተባለው ስታዲየም በ1958ቱ የዓለም ዋንጫ ሀንጋሪን ከዌልስና ከሜክሲኮ ጋር አስተናግዷል። የከተማዋ ልብ ግን ያለው ባንዲ ላይ ነው። የእግር ኳስ ሜዳ በሚያህል በረዶ ላይ አሥራ አንድ ለአሥራ አንድ፣ በቆልማማ ዱላ ትንሽ ኳስ እየመቱ የሚጫወቱት ሲሆን፣ ግብ ጠባቂው ዱላ ሳይዝ በእጁ ይከላከላል። የከተማዋ ክለብ ሳንድቪከንስ አይኮ የስዊድን ሻምፒዮን ሆኖ ያውቃል፤ ከ2009 ጀምሮም የሚጫወተው በፋብሪካው መሥራች ስም በተሰየመው ጣሪያ ባለው ዮራንሶን አሬና ውስጥ ነው።

ይህ የነጮች ጨዋታ ነው ብላችሁ አትለፉት። ጎረቤቶቻችን ሶማሌዎች ቡርሌንጌ ከተማ ላይ ብሔራዊ ቡድን መሥርተው በ2014 ኢርኩትስክ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና ተሰልፈዋል፤ ብዙዎቹ ወጣቶች ስዊድን ሳይገቡ በረዶ ረግጠው አያውቁም ነበር። የእኛም ልጆች ክለብ ሲገቡ ስዊድንኛው ሳይታወቃቸው ይገባቸዋል። ወላጅ ደግሞ በተራው ቡናና ቋሊማ የሚሸጥበት ኪዮስክ ላይ ይቆማል። ጎን ለጎን ቆማችሁ ቡና ስትቀዱ የምታገኙት ሰው የፋብሪካ ክፍል ኃላፊ ወይም የሠራተኛ ማኅበር ተወካይ ሊሆን ይችላል፤ እዚህ አገር ሰው የሚተዋወቀው አብሮ ሲሠራ ነውና ያን ተራ በሰበብ አታሳልፉት። የመንሸራተቻ ጫማ ዋጋ የሚያሳስባችሁ ከሆነ ፍሪቲድስባንከን የሚባለው በብዙ ኮሙኖች (የከተማ አስተዳደሮች) ያለ ማበደሪያ የስፖርት ዕቃ በነፃ ያውሳል።

ችግር የሚሆነው ሁለቱም ወላጆች የማታ ፈረቃ ሲደርሳቸው ልጆቹን ወደ ልምምድ ማድረሱ ነው። ስለዚህ የምትመጡ ቤተሰቦች አስቀድማችሁ የልጆቻችሁን ዕድሜና የሥራ ሰዓታችሁን ብታሳውቁን፣ መኪና ያለን ሰዎች ተራ ለማውጣት ፈቃደኞች ነን።