ጓደኛ ልጠይቅ ሄጄ ልቤ ዊኒፔግ ቀረ

ውድ ወገኖቼ፣

ሰሞኑን ከዋሽንግተን አካባቢና ከቶሮንቶ ወጥቶ የቤት ኪራይ ወደሚቀልበት ከተማ ስለመዛወር ብዙዎቻችሁ ስትመካከሩ ሳነብ ነበር። የሚነሱት ስሞች አብዛኛውን ጊዜ ያው ዳላስ፣ አትላንታ፣ ዴንቨርና ካልጋሪ ናቸው። እኔ አንድ ጊዜም ስሟ ሲነሳ ያላየኋትን ከተማ ልጨምር እፈልጋለሁ። ባለፈው ጥር ጓደኛዬን ልጠይቅ ወደ ካናዳዋ ዊኒፔግ ሄጄ አሥራ አንድ ቀን ሰንብቻለሁ፤ ከተመለስኩ ወዲህም ስለዚያች ከተማ ሳላስብ የዋልኩበት ቀን ጥቂት ነው። ለመኖሪያ ትሁን አትሁን እያንዳንዱ እንደ ቤተሰቡ የሚወስነው ነው፤ ያየሁትን ግን ሳልጨምርና ሳልቀንስ ልንገራችሁ።

ጓደኛዬና እኔ የድሬዳዋ ልጆች ነን። ከዚራ ውስጥ አጥር በማይለያቸው ሁለት ቤቶች አደግን፤ ሙቀቱ ሲብስ ፍራሽ አውጥተን በረንዳ ላይ የምናድር፣ ሹራብ የሚባለውን ነገር ሐረር ለመውጣት ካልሆነ ከሣጥን የማናወጣ ልጆች ነበርን። እሷ በሱዳን በኩል ወጥታ ካርቱም አራት ዓመት ከተንከራተተች በኋላ የአንድ የዊኒፔግ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ስፖንሰር ሆነዋት ካናዳ ገባች፤ እኔ ደግሞ ዲቪ ደርሶኝ ሜሪላንድ መጣሁ። "አንድ ጊዜ እንኳ ነይና እይው" እያለች ስትለምነኝ አሥር ዓመት አለፈ። በየዓመቱ የሥራ ምክንያት እሰጣት ነበር፤ እውነቱ ግን ብርዱን ፈርቼ ነው። እናቷ ታመው ሆስፒታል መሰንበታቸውን ስሰማ ግን፣ እኔንም ከልጃቸው ሳይለዩ ያሳደጉኝ እናት ናቸውና፣ ብርድን ሰበብ አድርጌ መቅረት አልሆነልኝም።

ለጉዞው የሚጠቅማችሁን አንድ ነገር በቅድሚያ ልጥቀስ። ብዙ ሰው የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዞ ካናዳ ለመግባት የግድ ቪዛ ያስፈልጋል ብሎ ያስባል። የአሜሪካ ግሪን ካርድ ያለው ሰው ግን ከእ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2022 ጀምሮ የሚያስፈልገው ጊዜው ያላለፈበት ፓስፖርትና የሚሠራ ግሪን ካርድ ብቻ ነው። ፓስፖርቴ ሊያልቅ ሁለት ወር ስለቀረው አስቀድሜ አሳድሼ ነበር፤ ቶሮንቶ ላይ አውሮፕላን ስቀይር መኮንኑ ሁለቱንም አይቶ፣ የት እንደማርፍና መቼ እንደምመለስ ጠይቆ አሳለፈኝ።

የደረስኩት በከተራ ዕለት ማታ ነው። ጓደኛዬ እስከ ጉልበቷ የሚደርስ ካፖርት ለብሳ፣ ሌላ ተመሳሳይ ካፖርት በክንዷ ይዛ ቆማ ነበር፤ ሰላምታ ሳንጨርስ አለበሰችኝ፣ ባርኔጣውን ራሷ አጠለቀችልኝ፣ ጣቶቼ አንድ ላይ የሚገቡበትን ወፍራም ጓንት አደረገችልኝ። ጣት ለጣት የተለያየው ጓንት እዚያ አገር እንደማያዋጣ፣ ጣቶች የሚሞቁት ሲነካኩ እንደሆነ ያን ጊዜ ነገረችኝ። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 31 ሴልሺየስ ነበር። በሩን ወጥቼ አንድ ጊዜ በአፍንጫዬ ስተነፍስ ውስጡ ያለው እርጥበት ሲጠጥር ተሰማኝ። መኪና ማቆሚያው ላይ ደግሞ ዓይኔ ያረፈው በየመኪናው ፊት ለፊት በተንጠለጠለው ባለ ሶኬት ገመድ ላይ ነው። መኪኖቹ በኤሌክትሪክ የሚሄዱ መስለውኝ ስጠይቃት፣ ገመዱ ሞተሩን ለሚያሞቅ መሣሪያ እንደሆነ፣ ብርዱ ሲጠና ማታ ሳይሰኩት ያደሩ ሰዎች ጠዋት መኪናቸው ሊነሳላቸው እንደማይችል አስረዳችኝ። በየመሥሪያ ቤቱ ማቆሚያ ለዚሁ የተተከሉ መሰኪያዎች አሉ፤ መኪናውን የሚያቆም ሁሉ ፈረስ የሚያስር ይመስል ገመዱን ከመሰኪያው ጋር እያገናኘ ይሄዳል።

በማግስቱ ጥምቀትን ያከበርነው በአዳራሽ ውስጥ፣ በትልቅ ገንዳ በተሞላ ውኃ ዙሪያ ነበር። ካህኑ ከረጩን በኋላ ፊታችን በደንብ ሳይደርቅ እንዳንወጣ እናቶች በየበሩ ፎጣ ይዘው ይጠብቁ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ሰማዩ አንድ ደመና የሌለበት ጥርት ያለ ሰማያዊ ሆኖ፣ ከፀሐይዋ ግራና ቀኝ እኩል ርቀት ላይ ሁለት ብሩህ ነገሮች ይታዩ ነበር፤ ሦስት ፀሐይ የወጣ ነው የሚመስለው። በአየሩ ውስጥ የተንሳፈፉ የበረዶ ቅንጣቶች ብርሃኑን ሲሰብሩት የሚፈጠር ነገር ነው። እማማ፣ የጓደኛዬ እናት ማለቴ ነው፣ "አጃቢዎቿ" ነው የሚሏቸው። "ፀሐይ ብቻዋን ካልሆነች ካፖርትሽን አታውልቂ" ብለውኛል። ሜሪላንድ ክረምቱ ግራጫና ጨለማ ስለሆነ፣ ብርድና እንዲህ ያለ ብርሃን አብረው ይኖራሉ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ልቤ የተያዘው ግን በብርሃኑ ብቻ አይደለም። በሦስተኛው ቀን ጓደኛዬ "ድሬን ላሳይሽ" ብላ ወደ ዩኒየን ስቴሽን ወሰደችኝ። እ.ኤ.አ. በ1911 የተከፈተ፣ ከኒውዮርኩ ግራንድ ሴንትራል ነዳፊዎች መካከል የነበሩ አርክቴክቶች የነደፉት ባለ ትልቅ ጉልላት የባቡር ጣቢያ ነው፤ አገር አቋራጩ ባቡር እስከ ዛሬ ይቆምበታል። እዚያ ቆመን የሁለቱን ከተሞች ታሪክ ስታነጻጽርልኝ ነው ነገሩ የገባኝ። ድሬዳዋን የቆረቆራት ባቡር ነው፤ ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ የሐረርን ተራራ መውጣት ስላልሆነለት እ.ኤ.አ. በ1902 ከተራራው ሥር ባለው ሜዳ ላይ አዲስ ከተማ ተመሠረተ። ዊኒፔግንም ከተማ ያደረጋት ባቡር ነው። የካናዳ ፓሲፊክ ሐዲድ መጀመሪያ የታሰበው ከእሷ በስተሰሜን በምትገኘው ሴልከርክ በኩል ነበር፤ የዊኒፔግ ሰዎች ድልድይ ሠርተው፣ የግብር ምሕረት ሰጥተው፣ ሐዲዱን ወደ ራሳቸው ሳቡት። በ1880ዎቹ ባቡሩ ሲገባ ወደ ምዕራብ የሚጓዘው ስደተኛና ከሜዳው የሚወጣው ስንዴ ሁሉ በእሷ በኩል ሆነ። የደቻቱ ወንዝ የድሬዳዋን ሁለት ሰፈሮች፣ ከዚራንና መጋላን፣ እንደሚለያቸው፣ ዊኒፔግንም የባቡር ማዞሪያው ሰፊ ግቢ ከሁለት ይከፍላታል፤ ከሐዲዱ ወዲያ ያለው ሰሜናዊው ሰፈር መጀመሪያ ዩክሬናውያንና አይሁዶች፣ በኋላም ሌሎች መጤዎች እየተቀባበሉ የኖሩበት ነው። እኛ ሱማሌው፣ ኦሮሞው፣ ሐረሪው፣ አማራው፣ አረቡና ግሪኩ በአንድ ሱቅ በር ላይ በሚገናኙበት ከተማ ስላደግን፣ በዚያ ሰፈር ስንዘዋወር ፊሊፒናዊው ዳቦ ጋጋሪና ሱማሌዋ ባለ ሱቅ በየተራ ሲያነጋግሩን አገሬ የገባሁ ያህል ነው የተሰማኝ።

የወንዙን ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ድሬዳዋ ያደገ ሰው ሁሉ ደቻቱን ያውቃል፤ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ሆኖ ከርሞ በ1998 ዓ.ም. ክረምት በአንድ ሌሊት ከሁለት መቶ በላይ ሰው ወስዶብናል። ጓደኛዬ ዊኒፔግ ቤት ለመግዛት ስታስብ ቀይ ወንዝ በሚባለው ወንዝ አጠገብ መኖር ያስፈራት ስለነበር ስለ ጎርፉ ለማወቅ ያገኘችውን ሁሉ አንብባለች። ወንዙ የሚፈሰው ወደ ሰሜን ነው፤ በፀደይ መጀመሪያ ደቡብ ያለው በረዶ ቀድሞ ሲቀልጥ፣ ሰሜኑ ገና ግግር ስለሆነ ውኃው መሄጃ አጥቶ ወደ ከተማዋ ይተኛል። እ.ኤ.አ. በ1950 አንድ መቶ ሺህ ያህል ሰው ከቤቱ አፈናቅሏል። ከዚያ በኋላ የክፍለ ሀገሩ መሪ የነበሩት ዳፍ ሮብሊን ከተማዋን በስተምሥራቅ የሚዞር 47 ኪሎ ሜትር ቦይ እንዲቆፈር አደረጉ፤ ሥራው ከ1962 እስከ 1968 ፈጀ። የሕዝብ ገንዘብ ገደል ከተቱ ተብለው ተወቅሰዋል፤ "የዳፍ ቦይ" የሚለው ስምም መጀመሪያ ለመሳለቂያ የወጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ከዚያ በፊት ቦዩ ያልተፈተነበት ታላቅ ጎርፍ ሲመጣ ግን ውኃውን ወደ ጎን ወስዶ ከተማዋን አተረፋት። በመኪና ወስዳ አሳየችኝ፤ በጥር በረዶ የሞላው ሰፊ ጎድጓዳ ሜዳ ነው፣ ለዓይን ምንም የለውም። እኔ ግን ጠርዙ ላይ ቆሜ የደቻቱን ሌሊት አስታውሼ አለቀስኩ። አደጋው ከደረሰ በኋላ ቁጭ ብለው ቀጣዩን የጠበቁ ሳይሆኑ፣ ገና ያልተወለደ ሰው እንዳይወሰድ ብለው ስድስት ዓመት የቆፈሩ ሰዎች ከተማ መሆኗ ነው ከሁሉ በላይ የማረከኝ።

ይህንኑ ጠባይ በትንሹም አይቻለሁ። የጓደኛዬ ጎረቤት ጡረታ የወጡ አዛውንት ናቸው። በረዶ በጣለ ቁጥር ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነስተው የራሳቸውን ደጅ ሳይጨርሱ በፊት የእማማን ደጃፍ ይጠርጋሉ፤ የታመመ ሰው ስላለ አምቡላንስ ቢመጣ መንገድ እንዳይዘጋበት ብለው ነው። እማማ እንግሊዝኛ አይችሉም፤ አዛውንቱም አማርኛ አይችሉም። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን እማማ የድፎ ዳቦ ሩብ በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው በመስኮቱ ያሳዩአቸዋል፤ እሳቸው ጓንታቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው ተቀብለው ጎንበስ ይላሉ። ማን በሁለት እጅ መቀበልን እንዳስተማራቸው ጠይቄ ነበር፤ እማማ "አይተው ነው" አሉኝ።

አሁን ለኑሮ የሚያስቡት እንዲያውቁት የሚገባውን ልበል። ዊኒፔግ እ.ኤ.አ. በ2021 ቆጠራ 750 ሺህ ገደማ ሕዝብ ያላት ከተማ ናት። ጓደኛዬን ያመጣት የግል ስፖንሰርሺፕ ከዚያች ከተማ ጋር የቆየ ትስስር አለው፤ ዋና መሥሪያ ቤቱን እዚያ ያደረገው የካናዳ ሜኖናይት ማዕከላዊ ኮሚቴ፣ የሜኖናይት ክርስቲያኖች የእርዳታ ድርጅት፣ እ.ኤ.አ. በ1979 ከመንግሥት ጋር የመጀመሪያውን የስፖንሰርነት ውል የፈረመ ነው። ስፖንሰር የሆኑት ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ዓመት ቤት፣ ቀለብና የመቋቋሚያ ወጪ ይሸፍናሉ። ጓደኛዬን ከአውሮፕላን ጣቢያ የተቀበሏት ባልና ሚስት ዛሬም የልጆቿ አያት ናቸው። በሙያ ለሚመጡት ደግሞ ዊኒፔግ የምትገኝበት ክፍለ ሀገር ማኒቶባ ከእ.ኤ.አ. 1998 ጀምሮ ራሱ ሠራተኛ እየመረጠ የሚያቀርብበት አሠራር አለው፤ እዚያ ዘመድ ወይም የቅርብ ወዳጅ መኖሩ ትልቅ ክብደት ይሰጠዋል። ዝርዝሩ በየጊዜው ስለሚለወጥ ከክፍለ ሀገሩ የኢሚግሬሽን ድረ ገጽ ላይ እንጂ ከሰው አፍ አትውሰዱት።

ጓደኛዬ "መልካሙን ብቻ ጽፈሽ ሰው እንዳታስቸግሪ" ብላ አደራ ብላኛለች። ደመወዙ ከዋሽንግተን አካባቢ ያነሰ ነው፣ ግብሩም ይበዛል። ባለቤቷ አገር ቤት የሒሳብ ባለሙያ ነበር፤ ትምህርቱ እስኪገመገምለት መጋዘን ውስጥ ሦስት ዓመት ዕቃ ተሸክሟል። እማማ ቋሚ ሐኪም እስኪያገኙ ከአንድ ዓመት በላይ ጠብቀዋል፤ ሆስፒታል ሲተኙ ግን ለሕክምናው አንድ ሳንቲም አልተጠየቁም፣ እኔ ደግሞ እዚህ ኢንሹራንስ እየከፈልኩ ለአንድ ሌሊት የድንገተኛ ክፍል ቆይታ የመጣብኝን ዕዳ ገና አልጨረስኩም። መሐል ከተማው ሲመሽ ጭር ይላል፤ የነባሮቹን ሕዝቦች ድህነትና ቤት አልባነት በየመንገዱ ማየት ያማል፣ መሬቱም የእነሱ እንደነበር እያወቁ መኖር ኃላፊነት አለው። ክረምቱ ስድስት ወር ገደማ ይቆያል፤ ጓደኛዬ የመጀመሪያውን ዓመት ብቻዋን በአንድ ክፍል ስታሳልፍ ከብርዱ ይልቅ ዝምታው እንደጎዳት ነግራኛለች። ሊጡ እንኳ በዚያ ብርድ ቶሎ አይቦካም፤ አሁን ዕቃውን ከማሞቂያው መውጫ አጠገብ በብርድ ልብስ ጠቅልላ ታሳድረዋለች፣ እንጀራዋም ዓይኑ የሞላ ነው።

ልመለስ ሁለት ቀን ሲቀረኝ ቀይ ወንዝ ከሌላ ወንዝ ጋር ወደሚገናኝበት፣ ዘ ፎርክስ ወደሚባለው ቦታ ሄድን። ሰው ለሺህ ዓመታት ሲገናኝበት የኖረ ስፍራ ነው። ውኃው ጠንክሮ መንገድ ሆኗል፤ ልጆች ይንሸራተቱበታል፣ ሽማግሌዎች ውሻ ይዘው ይሄዱበታል፣ በየርቀቱ አርክቴክቶች በውድድር የሠሯቸው የማረፊያ ጎጆዎች ቆመዋል። ጓደኛዬ ክንዴን ይዛ ወደ መሐሉ ወሰደችኝና ቁጭ ብለን ጓንታችንን በበረዶው ላይ አሳረፍን። "ከታች እየሄደ ነው" አለችኝ። ልጆች ሳለን በደረቁ ደቻቱ አሸዋ ላይ ጆሯችንን አስደግፈን ውኃ እንሰማለን እንል ነበር። ሁለታችንም ባርኔጣችንን ከፍ አድርገን ጎንበስ አልን፤ ብርዱ ጆሮዬን እንደ መርፌ ወጋኝ፣ ቢሆንም ቶሎ አልተነሳሁም።

ካፖርቱን መልሼላት ነው የመጣሁት፤ ተቀብላ ከበሩ ጀርባ ባለው ሦስተኛ መስቀያ ላይ ሰቀለችው። ሰኔ ላይ ለሁለት ሳምንት እሄዳለሁ። በጥር ቅርንጫፋቸውን ብቻ ያየሁት፣ በየመንገዱ ግራና ቀኝ የተተከሉት ረጃጅም የኤልም ዛፎች ሲለመልሙ እንደ ከዚራ መንገዶች ጥላ እንደሚሠሩ ነግራኛለች። ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ትምህርት ቤትና ስለ ሥራ እንድጠይቅላችሁ የምትፈልጉት ካለ እስከዚያ ጻፉልኝ፤ ለእናንተም ለእኔም ልጠይቅ ነው የምሄደው።