ጠበልና ሞርፊን አብረው ይሄዳሉ? ባለቤቴን ቤት የማስታምም ነኝ

የባለቤቴ የፕሮስቴት ካንሰር ወደ አጥንቱ ስለተሰራጨ አሁን የሚሰጠው ለሥቃዩ ብቻ ነው፦ የሚጠጣ ሞርፊን፣ በየ4 ሰዓቱ፣ ማታ ሲተኛ ሐኪሙ እንዳዘዘው እጥፍ። ሞርፊን ሆድ ስለሚያደርቅ ቢሳኮዲልም ይወስዳል። ጀርባው እንዳይቆስል በየ2 ሰዓቱ አገላብጠዋለሁ።

የቸገረኝ ቤተሰቡ ነው። "ጠበል እየጠጣ መድኃኒት አይወስድም" ብለው ሞርፊኑን አስቁሚ ይሉኛል። በድንገት ከተቋረጠ ሕመሙ ይብሳል፤ ላብና መንቀጥቀጥም ያመጣል ብላቸው እምነት የጎደለኝ አደረጉኝ። (ይኸው ነው ከሁሉ የከፋኝ።) ጠበሉም ቢሆን አቅም ስላነሰው ትን ይለዋል፤ ወደ ሳንባው ከገባ የሳንባ ምች ያመጣበታል። ትራሱን ከፍ አድርጌ ከንፈሩን በጠበል በራሰ ንጹሕ ፋሻ ብቻ ባርስለት በረከቱ ይጎድልበታል?

ስጸልይስ "ማርልኝ" ልበል ወይስ "አሳርፍልኝ"? ሁለቱም አፌ ላይ ይከብዱኛል።

መቁረብ ይፈልጋል፤ 18 ሰዓት መጾም ግን አይችልም። የሞርፊኑ ሰዓት ከቁርባኑ በፊት ቢደርስ ልስጠው? የንስሐ አባታችን ቤት መጥተው ጸሎተ ቀንዲል እንዲያደርሱለትስ ምን ላዘጋጅ? ካህናትና ነርሶች ብትመልሱልኝ።