ኒል (ቪክቶሪያ) ቤቱ ርካሽ ነው ኪራይ ግን የለም፣ ነገሩ ምንድነው?

ባለሺፍቷ፦

ሰላም ወገኖች እንዴት ናችሁ፣ ጥያቄዬ ረዘም ይላል ታገሱኝ። እኔና ባለቤቴ ሜልበርን ሴንት አልባንስ ተከራይተን ነው ምንኖረው፣ ሁለት ልጆች አሉን፣ ሁለታችንም ሲትዝን ነን። እኔ ኤጅድ ኬር (አረጋውያን መንከባከብ) ነው ምሰራው እሱ ፎርክሊፍት ይነዳል። ኪራዩ በየጊዜው እየጨመረ ለዲፖዚት (ለቤት መግዣ ቅድመ ክፍያ) ያጠራቀምናት ነገር ፈቀቅ አልል ብላለች። ሰሞኑን ሥራ ቦታ እረፍት ሰዓቴ ላይ ሚሸጥ ቤት እያየሁ እንደው ለጉድ ብዬ መላ ቪክቶሪያን ከርካሹ ጀምሮ ስደረድረው ኒል ሚባል ከተማ መጣልኝ፣ 3 መኝታ፣ ጓሮው ሌላ ሁለት ቤት ሚያሰራ፣ ዋጋው 300 ሺህ እንኳን አይሞላም!! እኛ ሰፈር በዚህ ብር ደህና ዩኒትም አይገኝ። ባሌ "ይሄን ያህል ከረከሰ አንድ ጉድ አለው" ብሎ ደምድሟል።

ከዛ በቃ መጀመሪያ ተከራይተን እንየው ብለን ኪራይ ስንፈልግ ባዶ ነው፣ የለም። እኔ ያልገባኝ ይሄ ነው፣ ሰው ማይፈልገው ከተማ ከሆነ ሚከራይ ቤት ሊትረፈረፍ ነበር፣ ሰው ሚፈልገው ከሆነ ደግሞ ለምን ረከሰ? እዛ አካባቢ ምትኖሩ ወይ ምታውቁ ካላችሁ ማን ነው ሚኖረው፣ ሥራ አለ ወይ፣ ከፈረንጅ ሌላ ሰው አለ ወይ፣ ገዝተን ባይመቸን መልሰን ብንሸጠውስ ይሸጣል ወይ? እባካችሁ "አትሂጂ" ብቻ ብላችሁ እንዳታልፉኝ፣ ምክንያቱን ንገሩኝ።

የዊመራው፦

ሰላም እህቴ። እኔ ሆርሻም ነው ምኖረው፣ ከኒል 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ሜልበርን ጠጋ ብሎ ያለው ትልቁ ከተማ ማለት ነው፣ ለሥራ ኒል እመላለሳለሁ። ኒል ዌስተርን ሃይዌይ ላይ ነው፣ ከሜልበርን ወደ 375 ኪሎ ሜትር፣ አድሌድ ሚሄድ ሰው ግማሽ መንገድ ላይ ቆሞ ነዳጅ ሚሞላበት ቦታ። ሰዉ 2,000 ገደማ ነው ግን የሂንድማርሽ ሻየር ካውንስል መቀመጫ ስለሆነ ለቁጥሩ ብዙ ነገር አለው፣ ሆስፒታል አለ፣ ከፕሪፕ እስከ 12 ሚያስተምር የመንግስት ትምህርት ቤት አለ፣ ሉተራንም ካቶሊክም ትምህርት ቤት አለ።

ማን ነው ሚኖረው ላልሽው መሰረቱ ገበሬ ነው፣ ስንዴ ገብስ ካኖላ ምስር። ግን ፋርሙ እየሰፋ ገበሬው እያነሰ ነው የመጣው፣ ማሽኑ ትልቅ ስለሆነ አንዱ የጎረቤቱን መሬት ገዝቶ ብቻውን ያርሳል፣ የጎረቤቱ ቤት ሜዳ ላይ ባዶውን ይቀራል። ልጆቹ 18 ሲሞላቸው ለትምህርት ይወጣሉ አብዛኞቹ አይመለሱም፣ አባትና እናት ሲያረጁ ፋርሙን ለቆየው ልጅ ትተው ከተማ ውስጥ ቤት ይገዛሉ። ስለዚ ምታዪው ሕዝብ በዕድሜ ገፋ ያለ ነው። ላንቺ ሥራ ይሄ ጥሩ ነው በነገራችን ላይ፣ ዌስት ዊመራ ሄልዝ ሰርቪስ ዋና ቢሮው እዛው ኒል ነው፣ ኤጅድ ኬርም አለው፣ በዚህ አገር ገጠር ውስጥ የኤጅድ ኬር ሰራተኛ ሲጠላ አላየሁም።

ከፈረንጅ ሌላ ሰው አለ ወይ ላልሽው ደግሞ አለ፣ እንደውም ኒል ስሟ የተነሳው በሱ ነው። ሉቫዳክ ሚባል የዳክዬ ስጋ ድርጅት አለ፣ ፋብሪካው ሰራተኛ አጥቶ ማስፋት ሲያቅተው የዛን ጊዜ ማናጀሩ ጆን ሚሊንግተን ኤምስ ከሚባለው የስደተኞች አገልግሎት ጋር ሆኖ ከ2010 ጀምሮ ካረኖችን ማምጣት ጀመረ፣ ከበርማ ሸሽተው ታይላንድ ድንበር ካምፕ ውስጥ የኖሩ ሰዎች ናቸው፣ ያኔ ሜልበርን ዌሪቢ ነበሩ። መጀመሪያ ጥቂት ቤተሰብ ብቻ፣ ከመምጣታቸው በፊት ከነልጆቻቸው ከተማውን እንዲያዩት ተደረገ፣ የከተማውም ሰው ማን እንደሚመጣ ቀድሞ ተነገረው። ከዛ አንዱ ዘመዱን ሌላው ጓደኛውን እየጠራ በጥቂት ዓመት ውስጥ ወደ 200 ሆኑ፣ የከተማው አንድ አስረኛ በይው። 2015 ላይ ኤምስና ዴሎይት ሚባለው አማካሪ ድርጅት ባወጡት ጥናት ለአካባቢው ኢኮኖሚ 41.5 ሚሊዮን ዶላርና ወደ 70 የሙሉ ሰዓት ሥራ ጨምረዋል ተብሏል። ሱቁ ትምህርት ቤቱ ሁሉ እነሱ ባይኖሩ ምን ይሆን ነበር ያስብላል። ሐበሻ ግን እኔ ኒል ውስጥ አላየሁም፣ እውነቱን ልንገርሽ።

ብሮከሩ፦

ባለሺፍቷ ጥያቄሽን ወድጄዋለሁ፣ ብዙ ሰው "ርካሽ ነው" ብሎ ይሮጣል እንጂ ኪራዩ ለምን እንደጠፋ አይጠይቅም። ባልሽም አልተሳሳተም፣ ጉድ አለው፣ ግን ቤቱ ላይ ላይሆን ይችላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በምሳሌ ልንገርሽ፣ ቁጥሩን ለማስረዳት ብቻ ያዢው። ኒል ላይ አዲስ ቤት ማሰራት 450 ሺህ ፈጀ እንበል፣ ግንበኛው ከሩቅ ስለሚመጣ ዕቃውም በጭነት መኪና ስለሚመጣ ሜልበርን ከሚፈጀው አያንስም እንደውም ይበልጣል። ቤቱ ሲያልቅ የባንኩ ገማች መጥቶ አካባቢው ላይ የተሸጡትን አሮጌ ቤቶች አይቶ "330 ነው" ይልሻል። 120 ሺህሽ ገና ቁልፉን ሳትረከቢ ጠፋ። ስለዚ ለማከራየት ብሎ ሚሰራ የለም፣ ባንክም አያበድርም፣ አዲስ ቤት አይጨመርም። ያሉት ቤቶች ውስጥ ደግሞ ማን አለ? ባሏ የሞተባት የ80 ዓመት ሴትዮ 3 መኝታ ውስጥ ብቻዋን፣ ከዛ አንዳንዱ ወራሾች ሳይስማሙ የተዘጋ፣ አንዳንዱ ደግሞ መንግስት ለኪራይ ቤት ያወጣውን ማሞቂያ ምናምን መስፈርት ለማሟላት ከማደስ መሸጥ የቀለለው አከራይ ያወጣው ነው፣ አንቺ ዌብሳይት ላይ ያየሽው አንዱ እንደዛ ሊሆን ይችላል። ትርፍ ቤት ሲገኝ ደግሞ አሰሪዎቹ ለነርስና ለሰራተኛቸው ቀድመው ይይዙታል። ዋጋው የረከሰው ቤት ተርፎ አይደለም፣ ያለውን አሮጌ ቤት ውድ አድርጎ ሚገዛ ስለሌለ ነው፣ እጥረቱና ርካሽነቱ አብረው ነው ሚኖሩት።

ይሄ የኒል ብቻ አይደለም። ኩዊንስላንድ ውስጥ ኩዊልፒ ሚባል ከተማ ካውንስሉ 2021 ላይ መሬት ገዝቶ ቤት ለሚሰራ 12,500 ዶላር እሰጣለሁ ብሎ ዓለም ሁሉ "ነጻ መሬት" ብሎ አወራው፣ ምክንያቱ ያው ነው፣ ሥራ ነበረ ሰራተኛው ሚያድርበት ቤት አልነበረም። እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሳ ደግሞ አገር ሁሉ ይደውላል፣ ሚሄደው ትንሽ ነው።

አሁን ወደ ባንኩ። ባንኮች ፖስትኮድ ያያሉ፣ ትንሽ ከተማ ከሆነ አንዳንዱ 20 ፐርሰንት ሌላው 30 ፐርሰንት ዲፖዚት አምጪ ይላል፣ ስለዚ ቤት ከማየትሽ በፊት ይሄን ፖስትኮድ ትወስዳላችሁ ወይ ብለሽ ጠይቂ። የመጀመሪያ ቤት ገዢ ከሆናችሁ በ5 ፐርሰንት ዲፖዚት ብቻ እንድትገዙ መንግስት ለባንኩ ዋስ ሚሆንበት ጋራንቲ አለ፣ ከኦክቶበር 2025 ጀምሮ የገቢ ጣሪያው ተነስቷል፣ ቪክቶሪያ ውስጥ ከሜልበርንና ጂሎንግ ውጪ እስከ 650 ሺህ ዶላር ቤት ድረስ ነው። ስታምፕ ዲዩቲ ሚባለውን የቤት ግዢ ታክስም እስከ 600 ሺህ ለመጀመሪያ ቤት አትከፍሉም። ግን ልብ በይ፣ ሁለቱም ገብታችሁ ልትኖሩበት ነው፣ ስታምፕ ዲዩቲው በ12 ወር ውስጥ ገብታችሁ ቢያንስ 12 ወር በተከታታይ ኑሩበት ይላል። እዚሁ ሴንት አልባንስ እየኖርኩ ኒል ላከራይ ካልሽ ይሄን ሁሉ እርሺው።

መሸጡ ላይ፣ ይሸጣል ግን በፈለግሽ ሰዓት አይደለም። በዓመት ሚሸጠው ቤት ጥቂት ስለሆነ ሚዲያን (መካከለኛ ዋጋ) ምናምን ሚሉት ቁጥር አንድ ጥሩ ቤት ሲሸጥ ይዘላል አንድ ፈራሽ ሲሸጥ ይወድቃል፣ "ባለፈው ዓመት ይሄን ያህል አደገ" ሚልሽን ኤጀንት አትስሚው።

ጀማሪ491፦

ይቅርታ በዚሁ ልጠይቅ፣ እኔ 491 ቪዛ (ከትልልቅ ከተሞች ውጪ፣ ሪጅናል ሚሉት ቦታ ለሚኖር ሚሰጥ ጊዜያዊ ቪዛ) ነኝ፣ ኒልም ሪጅናል ስለሆነ ኒል ላይ አሮጌ ቤት መግዛት እችላለሁ??

የዊመራው፦

@ጀማሪ491 አትችልም ወንድሜ፣ እኔም ያንተው ቪዛ ነኝ። ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ ቴምፖራሪ ቪዛ ያለው ሰው የተኖረበት ቤት እንዳይገዛ ተከልክሏል፣ ለ2 ዓመት ተብሎ ነው የወጣው። አዲስ ቤት ይቻላል ግን የፎረይን ኢንቨስትመንት ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ቪክቶሪያ ደግሞ 8 ፐርሰንት ተጨማሪ ዲዩቲ ትጠይቃለች። አስበው፣ መንግስት ሪጅናል ኑር ብሎ ራሱ ልኮህ ሪጅናል ያለውን አሮጌ ቤት አትግዛ ይላል 😂 ከላይ ብሮከሩ እንዳለው ደግሞ አዲስ ቤት ማንም አይሰራም። ሚስትህ ሲትዝን ወይም ፒአር (ቋሚ ነዋሪ) ከሆነች አብራችሁ በጋራ ስትገዙ የተለየ ነገር አለው፣ ጠበቃ ጠይቅ። አለበለዚያ 3 ዓመትህን ታክስህን በአግባቡ እየከፈልክ ጨርሰህ 191 ሚባለውን ቋሚ ቪዛ ማመልከት ነው።

የፉትስክሬይ_እናት፦

የኔ ልጅ እንደ ታላቅ እህት ልምከርሽ። ምክንያት ንገሩኝ ስላልሽ እነግርሻለሁ። ካረኖቹ ተሳካላቸው ሚባለው እውነት ነው ግን እነሱ ብቻቸውን አልሄዱም፣ ከመጀመሪያውም ጥቂት ቤተሰብ አብረው ሆነው ነው የሄዱት፣ ልጆቻቸው ሰፈር ውስጥ በቋንቋቸው ሚጫወቱት አላቸው። አንቺ ብቸኛ ሐበሻ ትሆኛለሽ። ቤተክርስቲያን ሜልበርንም ሂጂ አድሌድም ሂጂ እኩል ሩቅ ነው፣ ልጅ ክርስትና ሲነሳ፣ ሐዘን ሲሆን፣ ፋሲካ ሲመጣ 4 ሰዓት ተኩል እየነዳሽ ነው። ባልሽ ሌሊት ሲገባ ልጆቹን ማን ይይዝልሻል? እዚህ ጎረቤቴ ትይዝልኛለች እዛ ማን አለሽ? ጤፉ እንኳን ቀላል ነው፣ ከፉትስክሬይ በጆንያ ጭነሽ ትሄጃለሽ።

አትሂጂ አላልኩም። ሁለት ሦስት ቤተሰብ ሆናችሁ ብትሄዱ ሌላ ነገር ነው። ኒው ሳውዝ ዌልስ ሚንጉላ ሚባል ገጠር ከቡሩንዲ ከኮንጎ አካባቢ የመጡ ቤተሰቦች ገብተው ባዶ የነበሩ የፋርም ቤቶች ታድሰው ሊዘጋ የነበረ ትምህርት ቤት በነሱ ልጆች ሞላ ሲባል በቲቪ አይቻለሁ፣ እነሱም ግን ብዙ ሆነው ነው የገቡት።

ባለሺፍቷ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እንዲህ አድርጎ ያስረዳኝ የለም። እትዬ የነገሩኝ በደንብ ገብቶኛል፣ አንድ የባሌ ጓደኛ ቤተሰብም እያሰበ ነው እናያለን። ግን ኪራይ ከሌለ ሳልገዛ እንዴት ነው ምሞክረው? ሁለተኛ ደግሞ እዛ ያሉት ቤቶች ሁሉም የእንጨት አሮጌ ናቸው፣ ምኑን ነው ማየት ያለብኝ?

የዊመራው፦

ኪራዩን ዌብሳይት ላይ አትጠብቂው፣ አብዛኛው ዌብሳይት ላይ ሳይወጣ በአፍ ነው ሚያልቀው። መጀመሪያ ሥራውን አመልክቺ፣ ኢንተርቪው ላይ "ማረፊያ ታመቻቻላችሁ ወይ" ብለሽ በግልጽ ጠይቂ፣ እዚህ አካባቢ ነውር አይደለም አሰሪው ራሱ ይጠብቀዋል፣ ብዙ ቦታ ለመጀመሪያ ወራት ማረፊያ ይፈልጉልሻል። ኒል ለርኒንግ ሴንተር ሚባል አለ፣ ካረኖቹንም ብዙ የረዳ ነው፣ እነሱ ጋር ደውዪ ማን ቤት እንዳለው ያውቃሉ። ልጆቹን በትምህርት ቤት እረፍት ይዘሻቸው ሂጂና ጥቂት ቀን ካራቫን ፓርክ አድራችሁ እዩት፣ ግን ጃንዋሪ ላይ ሂጂ፣ ሙቀቱ 40 ሲያልፍ ካልጠላሽው በሌላው ጊዜ አትጠይውም። መኪና ደግሞ ሁለት ያስፈልጋችኋል፣ ኦቨርላንድ ሚባለው የሜልበርን አድሌድ ባቡር እዛ ይቆማል ግን በሳምንት ሁለቴ ነው፣ ስፔሻሊስት ሐኪም ስትፈልጊ ቢያንስ ሆርሻም ነው።

ብሮከሩ፦

ቤቱ ላይ፦ የእንጨት ቤት ከሆነ ከሁሉ በፊት ስር ያሉት ስተምፕ ሚባሉት ምሰሶዎች ናቸው፣ ወለሉ ላይ ስትራመጂ ከዘመመ ወይም በር አልዘጋ ካለ ይሄ ነው፣ መቀየሩ በአስር ሺዎች ሊፈጅ ይችላል። ከ1990 በፊት የተሰራ ከሆነ አስቤስቶስ አለው ብለሽ ጀምሪ፣ መታጠቢያ ቤትና ኮርኒስ ላይ በተለይ። ምስጥ፣ የጣራ ቆርቆሮ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ። ኢንስፔክተር ከውጪ ቅጠሪ፣ ኤጀንቱ ያመጣልሽን አይደለም፣ ከተማው ትንሽ ነው ሁሉም ይተዋወቃል። ሴክሽን 32 ሚባለውን፣ ሻጩ ስለ ቤቱ ሚሰጠውን ሰነድ፣ ውሉን ሳትፈርሚ ለኮንቬያንሰር (የቤት ዝውውር ባለሙያ) አሳዪው፣ ከፈረምሽ በኋላ 3 የሥራ ቀን ብቻ ነው ሃሳብሽን መቀየር ምትችዪው፣ ጨረታ ላይ ከገዛሽ ደግሞ እሱም የለም። የቤት ኢንሹራንስም ከመፈረምሽ በፊት ዋጋ ጠይቂ።

ቤት ለማየት ስትሄጂ ደግሞ ቅዳሜ ከሰዓት እንዳትሄጂ፣ የኤጀንቱ ቢሮ ዝግ ነው ሚሆነው። ሐሙስ ወይ አርብ ሂጂ፣ ቀጠሮ በስልክ ያዢ፣ ባልሽንም ይዘሽው ሂጂ ስተምፑን እሱ ጎንበስ ብሎ ይየው።